ስድስት ሱሪ የሚፈጅ መንገድ

ወንድምሽ ያለበት አገር ምን ያህል ይርቃል ብለው ቢጠይቋት፣ ልብስ ሰፊዋ በኪሎ ሜትር አትመልስም። «ስድስት ሱሪ ነው» ትላለች። ጠያቂው ቀልድ መስሎት ይስቃል። እሷ ግን ከልቧ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሟ መጀመሪያ የሄደ ዕለት፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት መሆኑ ነው፣ እናቷ ከአውሮፕላን ማረፊያ እንደተመለሱ አልጋቸው ላይ ተደፍተው ማልቀስ ጀመሩ። ትንሽ አለቀሱና ግን ቀና ብለው፣ «ልቅሶ ቀን አይገፋም፤ ቀን የሚገፋው ሥራ ነው። ነይ ተቀመጪ» ብለው ልጃቸውን ማሽኑ ላይ አስቀመጧት። ለጥበቃ ሠራተኞች የሚሰፋ የደንብ ልብስ ትእዛዝ ነበራት። አንዱን ሱሪ ጨርሳ ሌላውን፣ ሌላውን ጨርሳ ሌላውን ስትል ዋለች። ስድስተኛውን እየተኮሰች ስልኩ ጮኸ።

«እማ፣ ደረስኩ! አስራ አንድ ሰዓት ሙሉ! ተኛሁ፣ ነቃሁ፣ በላሁ፣ በረሃ አለፍን፣ ባሕር አለፍን፣ ደግሞ ተኛሁ፤ ብነቃ አሁንም ሰማይ ነው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት የሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች ርቀት ተለክቶ ያለቀ ነገር ሆነ። አስራ አንድ ሰዓት፣ ስድስት ሱሪ። እናትየው ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይህንኑ ይናገራሉ፤ ሲናገሩም ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ኩራት አለች። ልጁ ቅርብ የሄደበት ሰው መቼም ይህን ያህል አይኮራም። ይህን ርቀት የማያከብሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤት፣ ሠላሳ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድተው ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ጡረታ የወጡት ሾፌር። «መንገድ ማለት ጎማ የነካው ነው» ይላሉ። «በአየር የሄደ ሰው ተወረወረ እንጂ ሄደ አይባልም።»

ርቀቱ ለዚያ ቤት ብዙ አገልግሏል። ልጁ ከአክስቱ ልጅ ሠርግ ሲቀር፣ «ምን ያድርግ፣ ሩቅ ነው» ተባለ። የእናቱ ዓይን ሲደክም ሲደክም ቆይቶ ከሦስት ዓመት በፊት ጨርሶ ሲጨልም፣ «ምን ያድርግ» ተባለ። ከሁለት ዓመት በፊት አባታቸው በድንገት ሲሞቱም፣ ሽማግሌዎቹ «ልጁን አንድ ቀን እንጠብቀው ወይስ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ተነስታ መልስ የሰጠችው ራሷ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። «አትጠብቁት። ቲኬት እስኪያገኝ አንድ ቀን፣ መንገዱ ደግሞ አስራ አንድ ሰዓት። አይደርስም።» አባትየው ተቀበሩ። ልጁ በስልክ፣ «ክንፍ በኖረኝ እትዬ፣ ክንፍ በኖረኝ!» እያለ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እሷም አብራው አለቀሰች፤ አጽናናችውም። እናትየው ከዚያ ወዲህ በዚያች አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተደግፈው ነው የኖሩት። ባላቸውን አንድ ወንድ ልጃቸው አፈር ሳያለብሳቸው መቅረቱ ልጅ ከፍቶ አይደለም፤ መንገድ ረዝሞ ነው።

ዓይናቸው ከጨለመ ወዲህ ደግሞ ዓይናቸው ልጃቸው ናት። ማን በደጅ እንዳለፈ፣ ሰማዩ ምን እንደሚመስል፣ የምትሰፋው ልብስ ምን ቀለም እንደሆነ፣ እየሰፋች ትነግራቸዋለች። ስትነግራቸውም እንዲያው ለወጉ አይደለም፤ አሳምራ ነው። «ቀይ ነው» ብላ አታልፍም፤ «ቀይ ነው እማ፣ በስሎ የተሰነጠቀ ቲማቲም ዓይነት» ትላለች። እሳቸውም አንድ ቀን «እውነትሽን ነው?» ብለዋት አያውቁም። ልጃቸው ነጭ ነው ካለች ነጭ ነው። ልብስ ሰፊዋ ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ በዚህ ዓለም ያላት ሀብት ይኸው መታመኗ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ፀሐይ ገና ብቅ ሳትል ስልክ ጮኸ። እናትየው እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እማ! ልሳፈር ነው!»

«ወዴት ደግሞ?»

«ወዴት ትላለች እንዴ! ወደ አንቺ ነዋ! ሰልፍ ላይ ነኝ፣ ስልክ ዝጉ እያሉን ነው።»

እናትየው ከአልጋቸው ሲነሱ ብርድ ልብሱ እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ ሊጥላቸው ነበር። «ዛሬ? ዛሬ ልትመጣ? እንግዲህ አስራ አንዱን ሰዓት ቻለውና ና፣ የኔ ጌታ!»

«እ?» አለ ልጁ። ከኋላው የሰው ጫጫታና የሻንጣ ጎማ ይሰማል። «አዎ፣ አዎ እማ፣ ያው ነው። በሉ ቻው!»

እናትየው ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ወደ ስልኩ አቅጣጫ ፈገግ እንዳሉ ቆዩ። ከዚያ፣ «ስንት የተቆረጠ ሱሪ አለሽ?» አሉ።

«ስምንት።»

«ስድስቱን ስፊ። ስድስተኛውን ስትተኩሺ በር ያንኳኳል።»

ታጥበው፣ ንጹሕ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከማሽኑ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋም ለወንድሟ አልጋ አንጥፋ፣ ቤቱን ጠርጋ ሥራዋን ጀመረች። የመጀመሪያው ሱሪ ሲያልቅ እናትየው፣ «ይኼኔ ከፍ ብሏል» አሉ። ሁለተኛው ሲያልቅ፣ «ይኼኔ ምግብ አቅርበውለታል፤ እንዳይተወው ብቻ፣ ሽንኩርት ካየበት አይበላም» አሉ።

ሦስተኛውን ጀምራ፣ ረፋዱ ላይ፣ የእጣቢ ውሃ ልትደፋ ወደ ግቢው በር ወጣች። ታክሲ መጥቶ ቆመ። የኋላው በር ተከፈተና ወንድሟ ወረደ።

ሳፋውን ጥላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ወፍሯል። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ ማጅራቱ ዛሬ ጠዋት የተላጨ ይመስላል። በእጁ የያዘው ሻንጣ ለሁለት ቀን የሚሄድ ሰው የሚይዘው ዓይነት ነው። ጉንጩን ስማ፣ ደግማ ስማ፣ በሦስተኛው ላይ ግን ከንፈሯ አየር ላይ ቀረ። ቤት ውስጥ ማሽኑ ላይ ያለው ሱሪ ገና ወገብ አልተገጠመለትም።

«እንዴት?» አለችው።

«እንዴት ማለት?»

«ጠዋት ነው እኮ የደወልከው።»

«አውሮፕላኑ ፈጣን ነው፤ አዲስ ነው።»

«ሰባቱን ሰዓት ምን ዋጠው?»

በልጅነቱ የቤቱ ስኳር ጎድሎ ሲጠየቅ የሚስቃትን ሳቅ ሳቀ። እሷ ስላልሳቀች ወደ ጫማው አየ። «እትዬ፣ እንግባና ላስረዳሽ።»

«እዚሁ አስረዳኝ።»

«እዚያ አገር አይደለሁም። ከተውኩት ቆይቻለሁ። ከድንበሩ ወዲያ ማዶ፣ ጎረቤት አገር ነኝ።»

«በአውሮፕላን ስንት ነው?»

«አንድ ሰዓት ተኩል» አለ፤ ከዚያም የሚያቀለው መስሎት፣ «ነፋስ ከያዘው ትንሽ ይጨምራል» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ትምህርቷን ብዙ አልገፋችም፤ ይህን ሂሳብ ግን ጣቷን ሳታጥፍ ሠራችው። አባቷ ከሞቱ ሁለት ዓመት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል አንድ ሱሪ እንኳ አይሞላም። ኪስ ሳይገባለት፣ ዚፕ ሳይሰፋለት የሚደረስበት መንገድ ነው።

«ማነው?» አሉ እናትየው ከውስጥ። «መኪና የቆመ መሰለኝ!»

ዞር ብላ የቤቱን በር አየች። አሁን ይዛው ብትገባ እናቷ ተደስተው ብቻ አያበቁም፤ ወዲያው ይቆጥራሉ። ሲቆጥሩ ደግሞ ቀብሩ ላይ ይደርሳሉ። ሁለት ዓመት የተደገፉበትን ምሰሶ ከሥራቸው ብትነቅለው ጣራው የሚወድቀው እሳቸው ላይ ነው። ወንድሟ ላይስ ይውደቅ፤ የእናቷ ግን አላስቻላትም።

«የሾፌሩ እንግዳ ነው እማ!» ብላ ጮኸች።

እጁን ይዛ እየጎተተች ጎረቤት አስገባችው። ሾፌሩ ሻያቸውን ይዘው መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። ሲያዩት ብርጭቆው አፋቸው ላይ ቆመ።

«ወይ ጉድ! ስድስቱ ሱሪ አለቀ እንዴ?»

«ጋሼ፣ ቀስ ብለው እባክዎ!» አለችና በሁለት ቃል ነገረቻቸው።

ሾፌሩ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ነበር የማውቀው። ያንተ ግን ሳያድር ጠራ። አንድ ሰዓት ተኩል? እኔ እኮ በዚያች በምትንገዳገድ አውቶቡሴ ድንበሩን ማለዳ ተነስቼ ማምሻ እደርስበት ነበር! ለአባትህ ቀብር ብትደውልልኝ በጀርባዬ አዝዬ አመጣህ ነበር፣ አንተ ሰው!»

ልጁ ወንበር ላይ ቁጭ አለና ጭንቅላቱን ያዘ። መጀመሪያ ሊነግራቸው ነበር። እዚያ ሩቅ አገር ሥራው ቢበላሽበት፣ ተባረርኩ ከሚል ዝም ማለት ቀለለው። ሥራ ከያዘ በኋላ ደግሞ ዝምታውን ምን ብሎ ይስበረው? እየቆየ ሲሄድም ዝምታው ተመቸው።

«እትዬ፣ ሩቅ ያለ ሰው ሲቀር ይናፈቃል፤ ቅርብ ያለ ሰው ሲቀር ይታማል። እኔ መናፈቁን መረጥኩ።»

«አባባስ?»

«ልነሳ ነበር። ልብሴን ለብሼ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። ግን በሦስት ሰዓት ውስጥ ብደርስ ከየት መጣህ አትሉኝም? እንዲህ ሆኜ ሳለሁ አንቺ ራስሽ በስልክ፣ 'አትምጣ፣ አትደርስም' አልሽኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ልትመታው እጇን አነሳች። እጇ እዚያው እንደተነሳ የሸሚዙ ኮሌታ አንድ ወገን መታጠፉን አየችና አቃንታለት አወረደችው። የታላቅ እህት እጅ አመሉ ይኸው ነው፤ ለቁጣ ተነስቶ ሳይታዘዝ አገልግሎ ይመለሳል።

«ከተማ ውስጥ ውለህ ማታ ብትመጣ ምን ነበረበት?»

«እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ታክሲው በሰፈራችን በኩል ሲያልፍ ግን ሆዴ ባባ፤ አላስችል አለኝ።»

«አራት ዓመት የቻልክ ሰው ግማሽ ቀን አቃተህ!» አለችው። «እስኪመሽ ከዚህ ንቅንቅ አትልም። አስራ አንድ ሰዓትህን ትጨርሳታለህ።»

ወደ ቤት ስትመለስ እናቷ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይጠብቃሉ።

«ማሽኑ ቆመ።»

«ክር ተበጥሶብኝ ነው። እንግዳው የሾፌሩ የእህት ልጅ ነው።»

«ደግ። ከሩቅ ነው የመጣው?»

«ከቅርብ ነው፣ እማ።»

ተቀመጠች። እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች። እናትየው ማሽኑን ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣ «ወንድምሽስ? አሁን የት ደርሷል?» አሉ።

«በረሃው ላይ ነዋ።»

«ምን ይታየዋል?»

ልብስ ሰፊዋ መርፌውን እያየች አፏን ከፈተች። ቃሉ ያለ ምንም ችግር መጣላት፤ ለዓመታት እንደለመደችው። «ቢጫ ነው እማ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ተዘረጋ ያልተነካ ጨርቅ ነው። የአውሮፕላኑ ክንፍ ጥላ ላዩ ላይ ሲሄድ፣ መቀስ ይመስላል፤ የሚቆርጥ ግን የማይቀድ መቀስ።»

«አየሁት» አሉ እናቷ። ፊታቸው በራ። ልብስ ሰፊዋ የሱሪውን ኪስ ገልብጣ ሰፍታው ስለነበር መተርተር ጀመረች።

ለምሳ ከቤቱ ወጥ በሳህን ቀንሳ፣ በዳቦ ሸፍና ጎረቤት አደረሰች። በሩን ስትከፍት ወንድሟ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ይስቃል። ሾፌሩ ስለ አንድ ተሳፋሪ ይነግሩታል፤ ሰውየው ዶሮውን አውቶቡስ ውስጥ አስጠፍቶ፣ አውቶቡሱን በሙሉ ካላስፈተሽኩ ያለ ሰው ነው። የወንድሟ ሳቅ በልጅነቱም እንዲሁ ነበር፤ ጀምሮ ያቆማል፣ አለቀ ሲባል ደግሞ እንደ ሞተር ይነሳል። ሳቁን ሲጨርስም በዚያው ድምፅ ስለዚያ ስለ ቅርቡ አገር፣ ስለ አራቱ ዓመት፣ ስለ ኪራይ ቤቱ ያወራ ጀመር።

«ግድግዳው ስስ ነው!» አለች ጥርሷን ነክሳ።

«እውነቷን ነው» አሉ ሾፌሩ። «አንተ ሰማይ ላይ ነህ። ሰማይ ላይ እንዲህ አይሳቅም፤ አብራሪው ይደነግጣል።»

ስትመለስ እናቷ ቆመው አገኘቻቸው። ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። «ወንበሬን ወደዚህ አምጪልኝ» አሉ። «ጀርባዬን ልደገፍ።»

«እዚያ ይበርድሻል።»

«አይበርደኝም።»

አመጣችላቸው። ጀርባቸውን ሳይሆን ጭንቅላታቸውን ደገፉ። አራተኛው ሱሪ አለቀ፤ ምንም አላሉም። አምስተኛውን አጋምሳ ሳለች ብቻ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «አሁንስ?» አሉ።

«ባሕሩ ላይ ነው፣ እማ። ጠቁሯል ውሃው፣ ፀሐይ የነካችው በኩል ብቻ እንደ ሐር ያብረቀርቃል።»

«እህ» አሉ እናቷ። ልብስ ሰፊዋ ድካም ነው ብላ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋ ረገጠችው፤ ማሽኑ የቻለውን ያህል ይጩህ ብላ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስድስተኛው ሱሪ ተተኮሰ። በር ተንኳኳ። ሾፌሩ ሻንጣውን ተሸክመው ቀድመው ገቡና እንደ ሰርግ አስተናጋጅ ጮኹ። «ጎረቤት፣ ምሥራች! ከሰማይ የወረደ ልጅ ይዤ መጣሁ! ታክሲው ሲያወርደው በዓይኔ በብረቱ አየሁት!» ማንም ስለ ታክሲው አልጠየቃቸውም ነበር።

እናትየው እጃቸውን ዘረጉ። ልጁ እግራቸው ሥር ወድቆ አለቀሰ፤ እውነተኛ ልቅሶ ነበር፣ ይህን ማንም አይክደውም። ፊቱን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን።

«ጢምህ ልስልስ ብሏል። አውሮፕላን ላይ መላጨት ተጀመረ እንዴ?»

«ተጀምሯል እማ፣ ዘመናዊ ነው።»

ሾፌሩ ሳል አጣደፋቸውና ወደ ደጅ ወጡ።

«መንገዱስ?»

«ኧረ እማ፣ እግሬ አብጧል። አስራ አንድ ሰዓት ቀላል ነው?»

«ቀላል አይደለም» አሉ እናትየው ቀስ ብለው። «በል ትንሽ ጋደም በል፣ ልጄ። ደክሞሃል።»

ወደ ተነጠፈለት አልጋ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ማሽኑን ሸፈነች። አለፈ። እናቷ አልተጎዱም። ነገ ከነገ ወዲያ ወንድሟን ጥግ ይዛ የልቧን ትነግረዋለች፤ ዛሬ ግን አለፈ።

«በሩን ዝጊው» አሉ እናቷ።

ዘጋችው።

«እዚህ ቅርብ መኖሩን ያወቅሽው መቼ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ጆሮዬም የጨለመ መሰለሽ? የልጄን ሳቅ በአንድ ግድግዳ ማዶ የማላውቅ መሰለሽ? ከምሳ ጀምሮ ስሰማው ነው የዋልኩት። አራት ዓመት። አባቱን ስንቀብርም እዚሁ ቅርብ ነበረ።»

«ዛሬ ነው ያወቅኩት፣ እማ። ዛሬ ጠዋት በር ላይ። እንዳትጎጂብኝ ብዬ ነው።»

«ዛሬ?» እናትየው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ጥርስ እንጂ ድምፅ አልነበረውም። «በረሃውን ያሳየሽኝ ልጅ? የክንፉን ጥላ በመቀስ የመሰልሽልኝ? እንደዚያ አሳምሮ መዋሸት በአንድ ጠዋት አይለመድም። ዓይኔ ነው የጠፋው፣ ልቤ አለ።»

«እማ፣ እኔ ሁልጊዜም እንደዚያው ነው የምነግርሽ!»

ምን እንዳለች የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«እኔም እሱን ነው የምለው» አሉ እናቷ። ቀጥለውም ጠየቋት፤ «ሽማግሌዎቹ እንጠብቀው ወይ ሲሉ፣ አትጠብቁት ያለው ማን ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ሮጣ ወንድሟን ከአልጋው አስነሳችው። አንድ እግሩ ካልሲ ያለው፣ አንዱ የሌለው፣ እየጎተተች እናቷ ፊት አቆመችው። «ሰምታሃለች። ሁሉንም ሰምታለች። እስከ ዛሬ ጠዋት እንደማላውቅ ንገራት። ይቺን ብቻ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ወንድሟ አንዴ እናቱን አንዴ እህቱን አየ። እውነቱን ከተናገረ ያቺን አራት ዓመት ብቻውን ሊሸከማት ነው፤ እህቱ ታውቅ ነበር ከተባለ ግን ሸክሙ ሁለት ጫፍ ይኖረዋል። ሲመዝነው ልብስ ሰፊዋ በዓይኗ አየችው፤ ገበያ ላይ ሚዛን ሲያጋድል እንደምታየው። ከዚያ ተንበረከከና ጭንቅላቱን እናቱ ጉልበት ላይ አኖረ።

«እማ፣ አትፍረጂባት» አለ። «ለአንቺ ብላ ነው።»

ቃሉ ሐሰት አልነበረም። እናትየው የልጃቸውን ፀጉር እየደባበሱ፣ «ይሁን» አሉ። «አንተስ ወንድ ነህ፣ አፍረህ ነው። አንተስ መጣህ።»

በማግሥቱ ሾፌሩ ሊመሰክሩላት መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙና፣ «ጎረቤት፣ ይቺ ልጅ ምንም አታውቅም ነበር። እኔ አለሁ፣ ፊቷን አይቻለሁ» አሉ።

«እርስዎማ» አሉ እናትየው፣ «ቤትዎን ያዋሱ ሰው ነዎት። ይቀመጡ፣ ሻይ ይጠጡ።»

ሾፌሩ ተቀመጡ፤ ሻዩንም ጠጡ። ሌላ ምን ያደርጋሉ።

ወንድሟ ሳምንት ሰነበተና ሄደ። እናትየው ደጅ ድረስ ሸኙት። «እንግዲህ ቅርብ ነህ፤ ቶሎ ቶሎ ና» አሉት። እሱም ቶሎ ቶሎ እመጣለሁ አለ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልመጣም። «ምን ያድርግ» ይላሉ እናትየው ለሚጠይቃቸው፣ «ሥራ ይዞት ነው።» ቅሬታ የለባቸውም። እናት ለራቀባት ልጅ ምክንያት አታጣም፤ የሚያጥርባት አብሯት ለሚኖረው ነው።

ልብስ ሰፊዋን አልተቆጧትም፤ ክፉ ቃልም አልወጣቸውም። ልብስ ታለብሳቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ ሲመሽ ጫማቸውን ታወልቅላቸዋለች፤ «ተባረኪ» ይሏታል። ስለ ቀለም ግን መጠየቅ ተዉ። በደጅ ማን እንዳለፈ ስትነግራቸው ጨርሰው ይሰማሉ፤ ከዚያ ሾፌሩ ሲመጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያንኑ እሳቸውን ይጠይቃሉ። እሷም ከጊዜ በኋላ አጭር አጭር መናገር ጀመረች። ቀዩን ቀይ፣ ጥቁሩን ጥቁር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናትየው በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰማዩ ጠቆረ፤ ከግቢው ወዲያ ማዶ ያለው ጣራ ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አረፉ። ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን ትታ ወጣች።

«እማ፣ ዝናብ ጀምሯል። ግቢ» አለቻቸው።

እናትየው አልተነሱም። እጃቸውን ከጣራው ክዳን አሳልፈው ዘረጉ፤ መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ገልብጠው፣ ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ እያየች፣ ጠብታ እስኪያርፍበት ድረስ ጠበቁ።